ጽሑፉን ጽሑፍ አድርጋችሁ ተዉት

ማኅተም ያረፈበት ፎቶ

የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይወጣል። ጸሐፊዋ በኮምፒዩተር ትተይበዋለች፤ ይታተማል፤ ኃላፊው ይፈርሙበታል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ በስልክ ፎቶ ይነሣና በድረ ገጹና በቴሌግራም ይለጠፋል። መነሻው ማንኛውም ስክሪን ሪደር (በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ነበር፤ መድረሻው ሥዕል ሆነ። ለሚያይ ሰው ልዩነት የለውም። በስክሪን ሪደር ለሚያነብ ሰው ግን ስልኩ «ምስል» ይልና ዝም ይላል። የሚጠየቀው የትምህርት ደረጃ፣ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን፣ አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ የሚያበረታታው መስመር ሳይቀር እዚያ ምስል ውስጥ ተቆልፎ ቀርቷል።

ማኅተሙ ለማስረጃ ይኑር፤ ፎቶውም ይለጠፍ። ጸሐፊዋ የተየበችው ጽሑፍ ደግሞ ከፎቶው ሥር ይግባ። ሥራው ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ የሚጠየቀው አለመጣሉ ብቻ ነው። በእነዚህ ትዝብቶች ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ነገር ነው፦ ድረ ገጽን ማየት ለተሳናቸውና እይታቸው ለደከመ ሰዎች እንዲነበብ ማድረግ፣ በአብዛኛው፣ ቀድሞ የነበረውን አለማበላሸት ነው።

ጆሮ ገጹን ሲያነብ

ስክሪን ሪደር የሚያነበው ከገጹ ጀርባ ያለውን ኮድ ነው። አንድ መስመር በትልቁና በደማቁ ስለተጻፈ ብቻ ርእስ መሆኑን አያውቅም። ገጹን የሠራው ሰው «ይህ ርእስ ነው» ብሎ በኮዱ ሲያመለክት ያውቃል። ኤንቪዲኤ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚያነብ ሰው «ኤች» የምትባለውን ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ከርእስ ወደ ርእስ ይዘላል። የሚያይ ሰው ገጹን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ የፈለገውን አንቀጽ እንደሚያገኝ፣ እሱም ርእሶቹን በጆሮው ቃኝቶ የፈለገው ላይ ያርፋል።

ርእሶቹ ያልተመለከቱበት ረጅም ገጽ ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ መደመጥ አለበት። አንድ ሠራተኛ ከአንድ አዋጅ ውስጥ ስለ ዓመት ፈቃዱ የሚናገረውን አንቀጽ ለማግኘት የአዋጁን መግቢያ፣ ትርጓሜውን፣ የተፈጻሚነት ወሰኑን ሁሉ አዳምጦ ማለፍ ይኖርበታል። የሚያይ ባልደረባው በጥቂት ሰከንድ የሚያገኘውን እሱ ግማሽ ቀን ይፈልገዋል። ሁለቱም የሚሠሩት እኩል ሰዓት፣ የሚከፈላቸውም እኩል ደሞዝ ነው እንበል። ያ ግማሽ ቀን ከማን ዕድሜ ላይ እንደተቆረጠ ግልጽ ነው።

የምንረሳቸው ብዙኃን

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። በከፊል የሚያዩት ፈጽሞ ከማያዩት ከሁለት እጥፍ በላይ ናቸው ማለት ነው። ስለ ተደራሽነት ሲነሣ ግን በአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ነጭ በትር የያዘው ሰው ብቻ ነው።

በከፊል የሚያይ ሰው በትር ላይዝ ይችላል። በሰው መሐል በመደበኛ አረማመድ ይሄዳል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሲያነብ ግን ስልኩን አፍንጫው ሥር ያስጠጋል። ብዙዎች ይህን ለማንም ሳይናገሩ ዓመታት ያሳልፋሉ። ቅጹን ለመሙላት ያቃተው ሰው «መነጽሬን ረስቼ ነው» ይላል፤ መነጽር ኖሮትም ላያነበው ይችላል። ስክሪን ሪደር ላይጠቀም ይችላል፤ ያኔ ለስክሪን ሪደር ብቻ የተሠራ መፍትሔ አይደርሰውም። እሱ የሚፈልገው ፊደሉ እንዲተልቅለት፣ ቀለሙ እንዲጎላለት፣ መስመሩ እንዲሰፋለት ነው።

ዓይን እንደ ሕመሙ ነው

በዚያው ጥናት መሠረት የዓይነ ስውርነት ትልቁ ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ ድርሻው 49.9 በመቶ ነበር። በትራኮማ ሳቢያ የሚመጣው የዓይን ብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው።

እነዚህ ሕመሞች ገጹን በየራሳቸው መንገድ ይለውጡታል። ሞራ ወይም ጠባሳ ያለበት ዓይን ብርሃን ይበተንበታል፤ ቦግ ያለው ነጭ ገጽ ራሱ ፊደሉን ይውጠዋል። እንዲህ ላለው አንባቢ ጥቁር መደብ ላይ የተጻፈ ነጭ ፊደል እፎይታ ነው። ግላኮማ ዙሪያውን እየበላ መሐሉን ይተዋል፤ በገጹ ቀኝ ጥግ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ማሳሰቢያ ለዚህ ሰው ከነጭራሹ አልተጻፈም። በዕድሜ የሚመጣው የማኩላ መጎዳት በተቃራኒው መሐሉን ወስዶ ዳሩን ይተዋል። የስኳር ሕመም በዓይን ላይ ሲወጣ ደግሞ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ ያሳርፋል።

ስለዚህ «ለማያዩ ሰዎች» ተብሎ አንድ የተለየ ገጽ መሥራት ከንቱ ድካም ነው፤ ለየትኛው ዓይን ይሠራል? የሚሻለው አንባቢው እንደ ዓይኑ ሊያጎላው፣ ቀለሙን ሊገለብጠው፣ ሊያዳምጠው የሚችል አንድ ገጽ ነው።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ

የድረ ገጾችን ተደራሽነት መመሪያ የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ኅብረት በፊደልና በመደቡ መካከል ሊኖር የሚገባውን የብርሃን ልዩነት በቁጥር አስቀምጦታል። ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደላት 3 ለ1። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም።

በበዓላት ሰሞን ድረ ገጾቻችንን የሚያለብሱትን ሦስት ቀለማት በዚህ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ያስተምራል። በድረ ገጽ መደበኛ የሚባለው አረንጓዴ በነጭ ላይ 5.1 ለ1 ይሆናል፤ ያልፋል። ሙሉ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ1 ነው፤ ለትንሽ ጽሑፍ ለጥቂት ይወድቃል። ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1 ነው፤ ጤነኛ ዓይንም ያጣዋል። ቢጫ በአረንጓዴ ላይ 4.8 ለ1 ነው፤ በደንብ ይነበባል። ቀይ በአረንጓዴ ላይ ግን 1.3 ለ1 ነው፤ እይታው ለደከመ ሰው ባዶ አረንጓዴ ሰሌዳ ማለት ነው። የተጠቀምነው ያንኑ ሦስት ቀለም ነው፤ የማን መደብ የማን ፊደል እንደሚሆን መምረጥ ብቻ አንዱን አንባቢ ያስገባል፣ ሌላውን ያስወጣል። ሒሳቡን በነጻ የሚሠሩ መሣሪያዎች በኢንተርኔት ሞልተዋል።

«በቀይ የተጻፉትን ይሙሉ» የሚል ትእዛዝም አለ። ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ዓይን፣ ቀለም ለማይናገር ስክሪን ሪደር ይህ ትእዛዝ ምንም አይነግርም። «መሞላት ያለበት» ብሎ በቃል መጻፍ ግን ሁሉንም ይደርሳል።

የግራጫው ፋሽን

ፈዘዝ ያለ ግራጫ ፊደል በነጭ መደብ ላይ የንጽሕናና የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ብዙ ገጾች ላይ የሚገኘው አንዱ ግራጫ ሲለካ 2.85 ለ1 ብቻ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ዌብኤይም የተባለ ተቋም በየዓመቱ የ1 ሚሊዮን ታዋቂ ድረ ገጾችን መነሻ ገጽ በማሽን ይመረምራል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ምርመራው 95.9 በመቶዎቹ ላይ የመመሪያው ጥሰት አግኝቷል፤ በብዛት አንደኛ የሆነውም የደበዘዘ ጽሑፍ ነው፤ ከገጾቹ 81 በመቶ ላይ ታይቷል።

ይህ ስሕተት የገንዘብም የዕውቀትም እጥረት የወለደው አይደለም። ዲዛይኑን የሚሠራው ሰው ዓይኑ ደኅና፣ ስክሪኑ ትልቅና ደማቅ፣ ክፍሉ ጥላ ነው። አንባቢው የተሰነጠቀ ስልኩን ይዞ በቀትር ፀሐይ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሟል። ለደከመ ዓይን የጎላ ቀለም ለዚህ ሰውም ይጎላለታል።

የፊደላችን ጅራት

የግዕዝ ፊደል አናባቢውን የሚሸከመው በትንሽ ቅጥያ ነው። «ሉ» ወገቡ ላይ፣ «ሊ» እግሩ ሥር ጭረት አለው፤ «ሌ» እግሩ ሥር ቀለበት ይይዛል። «ቢ» እና «ቤ» የሚለዩት በዚያች ቀለበት ብቻ ነው። ፊደሉ በትንሹ ሲጻፍ ቀለበቷ ትሞላና ጭረት ትመስላለች፤ በደማቁ ሲጻፍ ደግሞ «ጨ»ን እና «ፀ»ን የመሰሉት መሐላቸው ይደፈናል።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። «ይከፈላል» እና «ይከፍላል» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ቅርጽ ነው። አንዱ ለአመልካቹ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሌላው ከአመልካቹ ገንዘብ ይቀበላል። እይታው የደከመ ሰው ቃሉን በግምት አንብቦ ወደ መሥሪያ ቤቱ ቢሄድ የሚገጥመው ነገር ሌላ ነው።

ለላቲን ፊደል ተብሎ የተመጠነ ገጽ ላይ ፊደላችንን በዚያው መጠን ማስቀመጥ በየቦታው የሚደረግ ነው። በዚያው ስፍራ ብዙ ጭረት የሚይዝ ፊደል ግን ከፍ ያለ መጠንና ሰፋ ያለ የመስመር ርቀት ይሻል። አማርኛ ገጽ ሲሠራ የፊደሉ መጠን መወሰን ያለበት በአማርኛ ጽሑፍ ተሞክሮ ነው።

ማጉላት ሲከለከል

አንዲት እናት ቨርጂኒያ ተቀምጠው የአማርኛ ዜና በታብሌት ያነባሉ። የስኳር ሕመሙ ዓይናቸውን እየጎዳው ነው።

«እማዬ፣ በጣትሽ ትልቅ አድርጊው እንጂ።»

«አደረግኩት እኮ ልጄ፤ ትልቅ ሲሆን መስመሩ ይሄድብኛል። ጀምሬው መጨረሻው የት እንደገባ አላውቅም።»

እኚህ እናት የተናገሩትን ባለሙያዎቹ በመመሪያ ጽፈውታል። ጽሑፍ እስከ 200 በመቶ ሲጎላ ምንም ነገር ሊጎድልበት አይገባም፤ ገጹ እስከ 400 በመቶ ሲጎላ ደግሞ መስመሮቹ በስክሪኑ ስፋት ልክ እየታጠፉ መውረድ አለባቸው። ያለዚያ አንባቢው እያንዳንዱን መስመር ወደ ቀኝ እየጎተተ፣ ለሚቀጥለው ደግሞ ወደ ግራ እየመለሰ፣ ዜናውን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ቆራርጦ ያነባል። ከዚህ የባሰም አለ፦ በጣት ማጉላትን ፈጽሞ የሚከለክል ትእዛዝ በኮዱ ውስጥ የገባባቸው ገጾች። ስልኩ የሚችለውን፣ አንባቢው የሚያውቀውን ነገር የከለከለው ያ አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር ሲሰረዝ በሩ ይከፈታል።

«እዚህ ይጫኑ»

በስክሪን ሪደር የሚያነብ ሰው በገጹ ያሉትን ማስፈንጠሪያዎች ብቻ ለይቶ ማዳመጥ ይችላል። ብዙ የአማርኛ ገጾች ላይ ሲያደርገው የሚሰማው ይህ ነው፦ «እዚህ ይጫኑ፤ እዚህ ይጫኑ፤ ተጨማሪ ያንብቡ፤ እዚህ ይጫኑ»። የትኛው ወደ ፈተና ውጤት፣ የትኛው ወደ ክፍያ እንደሚወስድ አይታወቅም። «የ12ኛ ክፍል ውጤት ለማየት» ተብሎ ቢጻፍ ማስፈንጠሪያው ብቻውን ሲሰማ ትርጉም ይኖረዋል። ለሚያየውም ሰው ይበልጥ ግልጽ ነው። ማስተካከያው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለ አንባቢው አንድ ጊዜ ማሰብ ይጠይቃል።

ምስል ምን ይላል

እያንዳንዱ ፎቶ ከጀርባው አጭር መግለጫ ሊይዝ ይችላል፤ ስክሪን ሪደሩ በፎቶው ፈንታ ያን ያነባል። መግለጫው ጨርሶ ሳይገባ ሲቀር ማሽኑ የፋይሉን ስም፣ ማለትም ከካሜራው የወጣውን የቁጥርና የፊደል ድርድር ሊያነብ ይችላል። «ፎቶ» ብሎ መጻፍም አይረባም፤ ፎቶ መሆኑን ማሽኑ ለአንባቢው አስቀድሞ ነግሮታል። «ገበሬዎች በጎርፍ በተወሰደ የጤፍ ማሳ ላይ ቆመው» የሚል መግለጫ ግን የዜናውን ግማሽ ያደርሳል።

የመግለጫው ልክ ፎቶው ገጹ ላይ የተቀመጠበት ምክንያት ነው። ሠንጠረዥ ከሆነ ቁጥሮቹ ይነገሩ፤ ካርታ ከሆነ መንገዱ ይነገር፤ ለጌጥ ብቻ የገባ ሐረግ ከሆነ ማሽኑ እንዲያልፈው ምልክት ይደረግበት። ጋዜጠኛ ከፎቶ ሥር መግለጫ የመጻፍ ልማድ ቀድሞውኑ አለው። ልማዱን ወደ ገጹ ጀርባ ማሻገር ብቻ ነው የቀረው።

ፊደል የማይባል ፊደል

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው በላያቸው የግዕዝ ቅርጽ ይሥሉ ነበር። በዘመናቸው አማርኛን ወደ ኮምፒዩተር ያስገቡ ባለውለታዎች ናቸው። ዓይን «ሰላም»ን ያያል፤ ማሽኑ የሚያውቀው ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ነው። ስክሪን ሪደርም የሚያነበው ያን ክምር ነው።

እንዲህ ያሉ ሰነዶች፣ ደንቦች፣ የጥናት ጽሑፎች፣ የመጽሔት እትሞች ዛሬም ሳይለወጡ በየድረ ገጹ ተሰቅለዋል። ወደ ዩኒኮድ መመለሻ ፕሮግራሞች አሉ። ማየት ለተሳነው ተመራማሪ የአንድ ትውልድ ጽሑፍ ተዘግቶ የቆየው በዚህ ምክንያት ከሆነ፣ ቤተ መጻሕፍትና ዩኒቨርሲቲዎች ከማናቸውም አዲስ ሥራ በፊት የሚያስቀድሙት ይህን ሊሆን ይገባል።

አራት ነጥብ

አራት ነጥብ በዩኒኮድ የራሱ ቦታ ያለው አንድ ምልክት ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለት የቃል መለያ ነጥቦችን አስጠግቶ፣ አልፎም የላቲኑን ኮለን ሁለቴ መትቶ ይጽፈዋል። ለዓይን አንድ ናቸው። የሚያነበው ድምፅ ግን ምልክቱን ካላወቀው ዐረፍተ ነገር ያለቀ አይመስለውም፤ ትንፋሽ ሳይወስድ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ሦስት ዐረፍተ ነገር አንድ ላይ ተጣብቆ ሲሰማ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋል። ፍለጋም እንዲሁ ነው፤ «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈውን «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ሰው አያገኘውም። አማርኛን በጆሮው ተምሮ ያደገ አንባቢ በየትኛው «ፀ» እንደተጻፈ በምን ያውቃል? የፍለጋ ሳጥን የሚሠሩ ባለሙያዎች ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርገው እንዲቆጥሩ ማድረግ ይችላሉ።

አማርኛ የሚናገር ድምፅ

እስካሁን ያነሣሁት አለማበላሸትን ነው። እዚህ ላይ ግን መሥራትም ያስፈልጋል። አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ከሌለ የተስተካከለው ገጽ ሁሉ ዝም ይላል። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ድምፁ ግን ደረቅ ነው። ማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አምሃ» የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ለሰው ድምፅ የቀረቡ ናቸው፤ በኢንተርኔት በኩል ስለሚመጡ ግን ዳታ ይበላሉ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ኃላፊው አለ» የሚለው ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ቢሮው ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ሰው ከዐውዱ ይለየዋል፤ ማሽኑ ይህን እንዲማር ግን ብዙ የተነበበ አማርኛ ያስፈልገዋል። የሬዲዮ ጣቢያዎቻችን መዛግብት፣ የቋንቋ ክፍሎቻችን ዕውቀት ለዚህ ሥራ ሊውሉ የሚገባቸው ሀብቶች ናቸው።

ገጹን የሚሠራው ሰው ድርሻም አለው፦ በኮዱ ውስጥ «ይህ ገጽ አማርኛ ነው» ብሎ ማመልከት። ብዙ ገጾች ከተገለበጡበት አብነት የመጣውን «እንግሊዝኛ» የሚል ምልክት እንደያዙ ይቀራሉ። ማሽኑም የእንግሊዝኛ ድምፁን ያመጣና ፊደላችንን እየዘለለ ያልፋል።

የተዋሱት ዓይን

ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ስልኩን ለጎረቤቱ ልጅ ሰጥቶ «እስቲ ምን ይላል?» ሲል ልጁ በደስታ ያነብለታል። በዩኒቨርሲቲዎቻችንም የሚያዩ ተማሪዎች ለማያዩት መጽሐፍ የማንበብ ልማድ አላቸው። ይህ ደግነት ሊጠበቅ የሚገባው ሀብታችን ነው።

ደግነት የማይደርስበት ቦታ ግን አለ። የባንክ ሒሳብ ቀሪ፣ ከሐኪም የመጣ ውጤት፣ በአጭር መልእክት የሚላክ የምስጢር ቁጥር። እነዚህን ለማንበብ ዓይን መዋስ ያለበት ሰው ምስጢር የለውም። «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» ብሎ የተጣመሙ ፊደላትን የሚያሳይ መስኮት ሲመጣ ደግሞ መንገዱ ፈጽሞ ይዘጋል። በድምፅ የሚቀርብ አማራጭ ቢኖርም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ዓይነ ስውር ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ቅጽና ክፍያ ያለበት ገጽ ከሁሉም በፊት መስተካከል ያለበት ለዚህ ነው። ዜና ሰው ሊያነብልን ይችላል፤ የምስጢር ቁጥራችንን ግን ራሳችን ልናነበው ይገባል።

የቃል ትምህርት

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶቻችን ዜማውንም ቅኔውንም በቃል ያስተምሩ ነበር። ተማሪው ከየኔታ አፍ ሰምቶ ይቀጽላል፤ ይመላለሳል፤ ይመሰክራል። ዓይኑ ያላየ ልጅ በዚህ ሥርዓት ተምሮ መምህር እስከመሆን ደርሷል፤ በቅኔ የተመሰገኑ ዓይነ ስውራን መምህራን በየደብሩ ነበሩ። ያ ዕድል ለሁሉም የተከፈተ ነበር ለማለት አይደለም፤ ብዙዎች ለልመና ተዳርገዋል። ነገር ግን ዕውቀት በጆሮ ሊገባ እንደሚችል ይህ ሕዝብ ከማንም ሳይማር ያውቃል። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብሬል የተማሩትም በጣት እንደሚገባ አሳይተዋል። በዚያ ብሬል አማርኛ ሲጻፍ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ በነጥብ ይቀመጣሉ፤ ፊደሉ ቅርጹን ለውጦ ቋንቋው ሳይጎድል ይተላለፋል። ድረ ገጽም ከዚህ የተለየ ነገር አልተጠየቀም።

ሕጉ አለ

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ጠርቶ ተደራሽ መሆን አለበት ይላል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ ሀገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። መጻሕፍትን ማየት ለተሳናቸው ወደሚነበብ ቅርጽ መለወጥን የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነትም በ2020 ተቀብላለች።

ሌላ ሀገር እንዲህ ያለው ሕግ ኃይል ያገኘው ሰዎች ሲጠይቁት ነው። አውስትራሊያዊው ዓይነ ስውር ብሩስ ማጓየር የሲድኒ ኦሊምፒክ ድረ ገጽ አልተነበበልኝም ብሎ አቤት ሲል፣ የሀገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ለእሱ ፈረደለት። በአሜሪካ ታርጌት የተባለው የገበያ ድርጅት በ2006 ተከስሶ በ2008 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ ባንኮችና የኢንተርኔት ገበያዎች ለዚህ ጉዳይ በሕግ ይጠየቃሉ። እኛም ዘንድ አንቀጹ ተጽፏል፤ የሚጠቅሰው አቤቱታ ያስፈልገዋል።

በላይ የሚለጠፍ መድኃኒት

አንድ ምልክት ገጹ ላይ ለጥፉ፤ ሁሉም ነገር በራሱ ይስተካከላል የሚሉ ሻጮች አሉ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 እንዲህ ዓይነቱን ተስፋ በማስታወቂያ የሸጠ አንድ ኩባንያ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ማድረጉን አስታውቋል፤ መሣሪያው ያለውን ማድረግ አይችልም ነበር። የማኅተሙን ፎቶ ጽሑፍ የሚያደርግ፣ «እዚህ ይጫኑ»ን ትርጉም የሚሰጥ ምልክት የለም። ያን ማድረግ ያለበት ገጹን የጻፈው ሰው ነው፤ በሚጽፍበት ሰዓት።

ማን ይመርምረው

ጆዝ የተባለውን ስክሪን ሪደር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ቴድ ሄንተር የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፤ በ1978 በመኪና አደጋ ዓይኑን አጣ። ኤንቪዲኤን በ2006 የጀመረው አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን ዓይነ ስውር ነው፤ አብሮት የሠራው ጄምስ ቴ እንዲሁ። የሚያነቡበትን መሣሪያ ራሳቸው ሠርተው ለዓለም ሰጡ። እኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበለችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤን የመሰሉ ሰዎች አሉን፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ማየት የተሳናቸው ወጣቶችም ብዙ ናቸው። ስለ እነሱ ስብሰባ ከመጥራት ይልቅ ገጾችን የመመርመሩን ሥራ ለእነሱ መስጠት ይሻላል።

መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሲያሠራ ውል ይፈርማል፤ በውሉ ላይ የርክክብ አንቀጽ አለ። እዚያ አንቀጽ ላይ ይህ ይጨመር፦ ገጹ ርክክብ የሚፈጸምበት ማየት የተሳናቸውና እይታቸው የደከመ ባለሙያዎች ተከፍሏቸው፣ ከመመዝገብ እስከ መክፈል ያለውን ሁሉ ያለ ማንም ረዳት ሞክረው ሲያረጋግጡ ነው። የመጨረሻው ክፍያም እስከዚያው ይቆይ። ይህ አንቀጽ ሲጻፍ ከላይ የዘረዘርኳቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ ገጹ ከመከፈቱ በፊት ይታረማሉ፤ ምክንያቱም ሠሪው ገንዘቡን የሚያገኘው አንባቢው ሲያነብ ብቻ ይሆናል።